ዕቁብ ከተረፈው አይጣልም

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 34 ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ሆኜ ስሠራ 7 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ቤታችን ሰሚት፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት 2፡30 ገብቼ ማታ 12 ሰዓት እወጣለሁ፤ ቅዳሜም እስከ 6፡30 እንሠራለን። ቤት ከገባሁ በኋላ አለቃዬ በቴሌግራም ፋይል ይልኩና «ይቺን ብቻ እዪልኝ» ይላሉ። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ይወስድብኛል። በዚያ ላይ የሁለት ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ፤ ሁለቱ ተደምረው በሳምንት 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያ ነው። እሑድ ደግሞ ሰርግ ወይ ክርስትና ወይ ለቅሶ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃድ አልወጣሁም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ባለፈው ወር አንድ ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰፈሬ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ። ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። 40 ደቂቃ ይሆናል። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ለባለቤቴ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ 3 ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ስልኬ ካላንደር ላይ እሑድ ከሰዓት «ለራሴ» ብዬ ጽፌ ሞክሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለቅሶ መጣ፣ በሦስተኛው አንዱ ነጋዴ ደወለ፣ ከዚያ አጠፋሁት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፌ ይጠፋል፤ ጨጓራዬም ተነሥቷል። ድሮ ሒሳብ ሲገጥምልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ቢገጥምም ባይገጥምም ግድ የለኝም። ሥራ ልተው ብል ቤታችን አይቆምም። ምን ይመክሩኛል?»

የደከማት፣ ከሰሚት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ታክሲዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እያፈርሽ እንደጻፍሽው ያስታውቃል። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ባሏን የዋሸች ሴት አልታየችኝም። የታየችኝ ስሟን የሚጠራ ሰው የሌለበት አንድ ቦታ ያገኘች ሴት ናት። ሒሳብሽን ከከፈልሽ በኋላ ረዳቱ እንኳ ዞር ብሎ አያይሽም። «እማዬ» የሚል የለም፣ «ይቺን ብቻ እዪልኝ» የሚል የለም፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጥሽ ተሳፋሪ ነሽ፣ በቃ። ሰውነትሽ የሚያስፈልገውን ካንቺ ቀድሞ አውቋል።

የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ በቁጥር ላውራሽ። 4 ጊዜ 40 ደቂቃ 160 ደቂቃ ነው፤ 2 ሰዓት ከ40። ይህን ያህል ጊዜ ወስደሽ ቤትሽ አልፈረሰም፣ ልጆችሽ ጦም አላደሩም፣ አለቃሽም ከሥራ አላስወጡሽም። ስለዚህ ጊዜ ጨርሶ የለኝም አትበዪ። ችግሩ ሰርቀሽ መውሰድሽ ነው። ሰው ሰርቆ የወሰደው ዕረፍት ግማሹ «ምን ብዬ ልመልስ» ሲባል ያልቃል። እኔ የምመክርሽ ያንኑ ጊዜ ሰው እያየ፣ ሰው እያወቀ እንድትወስጂው ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር አስቀድሚልኝ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ። ድካም ሁሉ የሥራ ድካም አይደለም። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ሰውን እንዲሁ ያዝላሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ጨጓራሽንም በዚያው ታዪዋለሽ። እንቅልፍሽ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጥፋቱንና ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን ማቆሙን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ ድብርትም እንደዚህ ሆኖ ይጀምራልና። ያለ ምክንያት ማልቀስ ከመጣ፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ሽው ካለብሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትላልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «እዚያ የሚሄድ ያበደ ነው» የሚለው ወሬ በዚህች ከተማ ስንቱን ሰው ቤቱ እንዳስቀረው ሳስብ ያንገበግበኛል።

«ቢገጥምም ባይገጥምም ግድ የለኝም» ያልሽውን እንደ ስንፍና አትቁጠሪው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው የበሽታዎች ምደባ ላይ፣ በፈረንጅ አፍ በርንአውት የሚባለውን ነገር በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ አስፍሮታል። በሽታ ነው አላለም። ምልክቶቹን ግን ሦስት አድርጎ ዘርዝሯል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ እንደ ድሮው መሥራት አለመቻል። ሁለተኛውን አንቺ በራስሽ ቃል ጽፈሽልኛል።

አሁን ሰዓትሽን እንቁጠር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የምሳ አንድ ሰዓት ሲቀነስ፣ በቀን 8 ሰዓት ተኩል ቢሮ ነሽ፤ 42 ተኩል። ቅዳሜ 4፤ 46 ተኩል። የማታው ቴሌግራም 5፤ 51 ተኩል። ነጋዴዎቹ 10። ድምሩ 61 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ከሰሚት ሜክሲኮ ሄዶ መመለሱ፣ ወጥ መሥራቱ፣ ልጅ ማጠቡ እዚህ ውስጥ አልገባም። ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሥራ ድርጅት ጋር በፈረንጆቹ 2021 ባወጣው ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። አለቃሽ ፊትም ይሁን ባልሽ ፊት ስትቆሚ «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብለሽ ነገሩን እንዳታሳንሺው ነው።

ካላንደርሽ ላይ የጻፍሽው «ለራሴ» በሦስት ሳምንት ለምን ጠፋ? አንቺ ቁርጠኛ ስላልሆንሽ አይመስለኝም፤ በሳምንት 61 ሰዓት የሚሠራ ሰው ቁርጠኝነት አይጎድለውም። አንደኛ፣ እሑድ ከሰዓት በአገራችን የማንም አይደለም፤ የሰርግና የለቅሶ ነው። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ነው ጎጆ የቀለስሽው። ሁለተኛ፣ ከስልክሽ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሌላው ሁሉ ተደልድሎ የተረፈውን ነው ለራስሽ የሰጠሽው።

ዕቁብ ትጥያለሽ? አብዛኞቻችን እንጥላለን። ዕቁብተኛ ሰው ደሞዝ ሲወጣ መጀመሪያ የዕቁቡን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የቤት ኪራዩም፣ አስቤዛውም፣ የልጅ ጫማውም ከቀረው ይብቃቃል። ከተረፈኝ እጥላለሁ ያለ ሰው አንድ ዙር አይዘልቅም፤ አይተርፍማ። ደግሞም ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ አብረውሽ የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ዳኛው ሲጠራሽ «በዚህ ሳምንት አልሞላልኝም» ማለት ያሳፍራል። በባንክ ደብተራችን ለብቻችን ማጠራቀም እያቃተን በዕቁብ የምናጠራቅመው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ ስለሚወጣና ሰው ስለሚያውቀው ነው። ጊዜሽንም እንዲሁ አድርጊ። ከሳምንቱ ላይ አስቀድመሽ ቁረጪ፤ ከዚያ ዳኛ ሹሚበት።

ሰው ማወቁ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁት እናቴ ላይ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። በወር አንድ ቀን፣ በ21፣ በማርያም፣ ምጣድ አትጥድም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለስና ፀጉሯን ትታጠባለች፤ ቅቤ ተቀብታ፣ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እግሯን ዘርግታ የምትቀመጠው በዚያች ቀን ብቻ ስለነበር እኛ ልጆቿ መጥተን ጭኗ ላይ እንተኛ ነበር። አንድም ደንበኛ በ21 በር አንኳኩቶ አያውቅም። ያጣነው ደንበኛም የለም፤ ሁሉም በ20 ማታ መጥተው የሁለት ቀን ይወስዱ ነበር። እናቴ በየወሩ «ነገ አልጋግርም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ስትል ሰምቼያት አላውቅም። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ሰፈሩ ራሱ ይጠብቅላታል። መርካቶም ብትሄጂ እንደዚሁ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሱቁን ቆልፎ የሚሄደውን ነጋዴ ማንም አይቀየመውም፤ ደንበኛው ሰዓቱን አውቆ ይመጣል። የሚቀየሙት ዛሬ ዘግቶ ነገ የሚከፍተውን፣ መቼ እንደሚገኝ የማይታወቀውን ነው።

ያንቺ ችግር ይሉኝታ ይመስለኛል። ይሉኝታ ደግሞ የሚበረታው በየጊዜው እንቢ ስትዪ ነው። በየማታው አለቃን፣ በየእሑዱ ዘመድን፣ በየወሩ ነጋዴውን እንቢ ማለት ማንም አይችለውም፤ እኔም አልችለውም። አንድ ጊዜ ተናግረሽ ቀኑን ካሳወቅሽ ግን ከዚያ በኋላ እንቢ የሚለው ቀኑ ነው።

የትኛውን ቀን እንቁረጥ? እኔ ብሆን ቅዳሜን ከሰዓት እወስዳለሁ። ከቢሮ በ6፡30 ትወጫለሽ፤ ምሳሽን እዚያው በልተሽ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያንቺ ይሁን። ቤት ሳትገቢ። እዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ቤት ከገባሽ ቁጭ ብትዪ እንኳ ዓይንሽ ያልታጠበውን ሳህን ያያል፤ ልጅቷም የእግርሽን ኮቴ ካወቀች አትለቅሽም፣ መልቀቅም የለባትም። ውጪ ሁኚ። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር መቀመጥ ነጻ ነው፣ በእግር መሄድም እንደዚሁ። የድሮ ጓደኛሽ ቤት ሄደሽ ቡና ጠጪ፤ አቦሉን ብቻ ቀምሰሽ «ልሂድ» አትበዪ፣ በረካው ይድረስሽ። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ አዲስ ነገር ለመማር፣ ኮርስ ለመጀመር፣ ራስሽን ለማሻሻል አትሞክሪ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ብቻ ይመጣብሽ ይሆናል፤ ይምጣ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ወቀሳ ይመጣል፤ «ልጆቼ ቤት ናቸው እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ» ትያለሽ። ያን ቀን ተነሥተሽ ወደ ቤት አትሮጪ። እስከ 11 ሰዓት ተቀመጪ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ዕወቂው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያም አለው፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። የሥራ መሪዎችን አዋጁ አይመለከትም፤ አንቺ ግን መሪ አይደለሽም። የቢሮሽ ሰዓት 46 ተኩል ሆኖ ከሳምንቱ ጣሪያ በታች ነው፤ የሚያሻግርሽ የማታው ቴሌግራም ነው። ይሁንና የመጀመሪያ ቀን አዋጅ ይዘሽ አትግቢ። ሰውየው ሊጎዱሽ ብለው የሚልኩ አይመስለኝም፤ ማታ ትዝ ሲላቸው ይልካሉ፣ አንቺም በ5 ደቂቃ ውስጥ ትመልሻለሽ፣ ስለዚህ ማታ የሥራ ሰዓት ሆነ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጦፍ ግቢና እንዲህ በያቸው፦ «ማታ የሚልኩልኝን ፋይል ደክሞኝ ስለማየው ስሕተት እንዳላሳልፍ እፈራለሁ። ከዚህ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመጣውን ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ሠርቼ በ3፡30 ጠረጴዛዎ ላይ አደርሳለሁ። እስከ ጠዋት የማያቆይ ከሆነ ይደውሉልኝ፣ አነሣለሁ።»

ይህች «ይደውሉልኝ» ሥራ ትሠራለች። በቴሌግራም ፋይል መላክ ቀላል ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሰው ሚስት ስልክ መደወል ግን ማንንም ያሳስበዋል። በእርግጥ አስቸኳይ የሆነው ብቻ ይደርስሻል። ስትናገሪ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ ቃልሽን ግን ጠብቂ፣ በ3፡30 ካልሽ በ3፡30። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት የሚመጣላቸው ሥራ ከማታው የጠራ መሆኑን ያያሉ። የቢሮውን ግሩፕ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ድምፅ አልባ አድርጊው። አንዳንድ ማታ ራስሽ ፈልገሽ ብትሠሪ እንኳ ያን ጊዜውኑ አትላኪ፤ ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ምልክት ጫን አድርገሽ ከያዝሻት መልእክቱ የሚሄድበትን ሰዓት ትጠይቅሻለች፣ ጠዋት 2፡30 በያት። ማታ የሚመልስ ሰው ማታ ይጠየቃል።

ያልወጣሽው ፈቃድም አለ። በአዋጁ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ በ7 ዓመትሽ 19 ደርሷል። ሥራ ላይ እያለሽ በገንዘብ ሊለወጥ አይችልም፣ ማስተላለፉም ከሁለት ዓመት በላይ አያስኬድም። የሁለቱ ዓመት ጣሪያ ደረሰብሽ ማለት ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

ነጋዴዎቹን እንዴት እንደምትለያቸው አልጻፍሽልኝም፤ ግን የሁለት ሰው ሒሳብ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁለቱ እኩል አያደክሙም። አንዱ ደረሰኙን በየሳምንቱ ቀን በቀን ደርድሮ ይልካል። ሌላው ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በፌስታል አጭቆ ያመጣዋል፤ ግማሹ ቀለሙ ለቋል፣ ግማሹ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ «አንቺ መቼም አታጪም» ይልሻል። እሑድ የደወለው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅተኝም። አሥሩን ሰዓት ለሁለት ከፋፍለሽ ጻፊውና የየአንዳንዳቸውን ክፍያ ለሰዓቱ አካፍዪ። ባለፌስታሉ በሰዓት ከሌላው በጣም ያነሰ የሚከፍልሽ ከሆነ፣ ሁለት ምርጫ ስጪው፤ ደረሰኝ በየሳምንቱ ዓርብ ይምጣ፣ አለዚያ ክፍያው ይጨምር። ሁለቱንም እንቢ ካለ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚሞላ ሌላ ደንበኛ እስክታገኚ ታገሺውና ልቀቂው። ሥራ ተዪ ማለቴ አይደለም፤ ቤትሽ እንደማይቆም ነግረሽኛል፣ አምኜሻለሁ።

ለቅሶን በተመለከተ የምልሽ ጥቂት ነው። ለቅሶ ይኬዳል። በኛ አገር ለቅሶ የቀረ ሰው በራሱ ቀን ብቻውን ይቀራል፤ ይህን እንድትተዪ የሚመክርሽ ሰው አገራችንን አያውቃትም። ሰርግና ልደት፣ ምርቃትና የቤት ምርቃት ግን ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ለሩቁ በስልክ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ስጦታን በሰው መላክ ነውር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓትሽ ላይ ለቅሶ ከወደቀ ደግሞ ዕቁቡን አስቢ። ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው ጓደኛው ተራውን ይለቅለታል፤ የራሱን ግን በሌላኛው ዙር ይወስዳል፣ አይቀርበትም። አንቺም ቅዳሜን ለለቅሶ ብትለቂ በዚያው ሳምንት ሌላ ቀን ላይ አስቀምጪው። ማዛወር ይቻላል፤ መሰረዝ አይቻልም።

ወቅትሽንም አትርሺ። ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት ድረስ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ መሆኑን ላንቺ አልነግርሽም። በእነዚያ ወራት ሦስቱ ሰዓት አንድ ተኩል ቢሆኑ አትበሳጪ፤ ዜሮ አይሁኑ እንጂ። የቀረብሽን ከኅዳር በኋላ አስመልሺ፤ ከፈቃድሽም ቢያንስ 10ሩን ቀን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አድርጊው። የገበሬው አገር ሰው በክረምትና በአጨዳ እንደ በጋ አያርፍም፤ በጋ ሲመጣ ግን ማረፉን አይተወውም።

ባልሽ ቀረ። ዳኛሽ እሱ ነው። ከደብዳቤሽ ስለ እሱ ክፉ ነገር አላነበብኩም፤ ስለ እሱ ብዙም አላነበብኩም እንጂ። «እርዳኝ» አትበዪው። እርዳታ የሚጠየቅ ነገር ሁልጊዜ የጠያቂው ሥራ ሆኖ ይቀራል። የቅዳሜን ከሰዓት ሙሉ በሙሉ ስጪው፤ ልጆቹ፣ መክሰሳቸው፣ ገላቸው፣ ትልቁ ልጅ የቤት ሥራ ካለው እሱም። ከሰጠሽው በኋላ በስልክ እየደወልሽ አታርሚው። ፍርፍሩ ዘይት ቢበዛበት፣ ልጅቷ ጫማዋን አጋድማ ብታደርግ፣ ማንም አይሞትም። 11 ሰዓት ላይ ስትገቢ ደግሞ የመጀመሪያው ቃልሽ «ይሄ ለምን አልታጠበም» እንዳይሆን አደራ፤ በዚያች ቃል አራት ሳምንት የሠራሽው ይፈርሳል። ለጎረቤትሽና ለእናትሽም ንገሪ። «ቅዳሜ ከሰዓት የለሁም» የሚለውን ሦስት ሰው ካወቀው የሰፈር ነገር ይሆናል።

ታክሲዋንም ንገሪው። ሊከብድሽ ይችላል፤ ዋሽተሽዋልና። ግን ከምትዘረዝሪለት የሥራ ሰዓት ሁሉ ይልቅ የሚገባው ያቺ ናት። ሚስቱ ቤቷ ደጃፍ ላይ ደርሳ ለመውረድ አቅም ማጣቷን የሰማ ባል «እኔስ አልደከመኝም?» ብሎ ሊጀምር ይችል ይሆናል፤ ደክሞትም ይሆናል። እንደዚያ ካለሽ አትከራከሪው። እሱም አንድ ቀን ይቁረጥ፣ እሑድ ጠዋት ይሁንለት፣ የዚያን ቀን ዳኛዋ አንቺ ሁኚ።

ታክሲዋን ደግሞ አትተያት። ከወደድሻት ረቡዕ ማታ ያንቺ ትሁን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያባንንሽን ነገር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ አስቢው፣ ወይም ምንም አታስቢ። ልዩነቱ ጠዋት ከቤት ስትወጪ «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሄጄ ነው የምመለሰው፤ 40 ደቂቃ እዘገያለሁ፣ እራት ጀምሩ» ብለሽው መውጣትሽ ነው። የሚመሽበት ጊዜም ስለሆነ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ቤት መኖሩ ደግ ነው። ስትመለሺ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ አይኖርም።